ጥቆማ፦ ለመርዛማነት ፍተሻ የሚሆን የአርቴሚያ እንቁላል የቱ ይሻላል?

ፒፔት_ያዥ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ሥራዬ የዕፅዋት ኤክስትራክት (ከዕፅዋት ተነጥሎ የወጣ ንጥር) መርዛማነት በአርቴሚያ ልፈትሽ ነው። ያው የጨው ውሃ ሽሪምፕ የሚባለው። ሁለት ምርጫ አለኝ። አንዱ አርቶክስኪት ኤም የሚባለው፣ ሁሉ ነገር ተሟልቶለት የሚመጣ የመርዛማነት መፈተሻ ኪት ነው፣ ሌላው ለዓሣ መኖ ተብሎ በቆርቆሮ የሚሸጠው እንቁላል። አማካሪዬ «ቁጥርህ ከሌላ ላብራቶሪ ቁጥር ጋር የሚወዳደር ይሁን» ብለውኛል። የሞከራችሁ ጠቁሙኝ።

ጨው_በል፦
ከቆርቆሮው ራቅ! እኔ የገዛሁት ላዩ ላይ «90 በመቶ ይፈለፈላል» ይላል። 20 እንኳን አልወጣም። የወጣውም አልበረከተም። መርዝ ጠብ ያላለበት ኮንትሮል ውስጥ ከ10 እጭ 4ቱ ሞተው አደሩ። ሻጩ ጋ ስደውል «ውሃህ ይሆናል» አለኝ።

ቢከር፦
እንኳን ደስ አለህ። ባዶ ጨው ውሃ መርዝ መሆኑን ደርሰህበታል።

ጨው_በል፦
ሳቅ አንተ። ሦስት ሳምንት የከሰርኩት እኔ ነኝ።

የዓሣ_እናት፦
እኔ ለዓሣዎቼ ማስፈልፈል ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ። የኔ ሻጭ አንድ ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም። ዓሣዎቹ ሲሻሙ ብታዩ! ሌላ ጋ አትልፉ።

ቢከር፦
እህቴ፣ እኛ የሚበላ አይደለም የምንፈልገው። በልኩ የሚሞት ነው።

ክዳን፦
ጨው በል፣ ቆርቆሮውን ከፍተህ የት አስቀመጥከው? እርጥበት ያገኘው እንቁላል አለቀለት። በደንብ ተዘግቶ ፍሪጅ ነው ቦታው።

ጨው_በል፦
መደርደሪያ ላይ ነበር። ቢሆንም ጥፋቱ የሻጩ ነው።

አረንጓዴ_ውሃ፦
ለምን በዳፍኒያ፣ በውሃ ቁንጫዋ፣ አትሠራም? የኦኢሲዲ የፍተሻ መመሪያ ቁጥር 202 አለልህ፣ 48 ሰዓት፣ ያለቀለት።

ክዳን፦
ዳፍኒያ ጨው የሌለው ውሃ ውስጥ የሚኖር ነው። ልጁ የጠየቀው ስለ አርቴሚያ ነው። የደረጃ አውጪው ድርጅት አይኤስኦም እ.ኤ.አ. በ2017 ለአርቴሚያ 20787 የሚባል ሰነድ አውጥቷል፣ ግን እሱ ለናኖ ቁሶች (እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች) ነው።

ሌንስ፦
ፒፔት ያዥ፣ የቆርቆሮውን ጭቅጭቅ ተወውና እጩን በማይክሮስኮፕ እየው። ገና የተፈለፈለው ብርቱካናማ ነው፣ ሆዱ አስኳል ብቻ። አፉ አልተከፈተም፣ ምንም አይውጥም። ከሰዓታት በኋላ ቆዳውን ይጥልና ሁለተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። ረዘም፣ ፈዘዝ ይላል፣ አንጀቱ እንደ ክር ይታያል። ያኔ መዋጥ ይጀምራል፣ ከነመርዙ። ስለዚህ ቶሎ ይሞታል። አንዱ ላብራቶሪ በመጀመሪያው፣ ሌላው በሁለተኛው ደረጃ ከሠራ፣ ያው ኤክስትራክት ሁለት የተለያየ ኤልሲ50 (ግማሹን እጭ የሚገድለው መጠን) ያወጣል። ሁለቱም «24 ሰዓት» ብለው ይጽፋሉ! ኪቱን የምወድለት ለዚህ ነው፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ላይ ያሉትን እንድትጠቀም ያስገድድሃል።

በቆርቆሮውም ይሠራል፣ አንተ ከጠበቅክ። 25 ዲግሪ፣ በሊትር 35 ግራም ሰው ሠራሽ የባሕር ጨው፣ መብራት ሳይጠፋ። እጩ ወደ ብርሃን ስለሚሄድ በአንድ ጥግ አብራና ከቅርፊቱ ለይተህ ቅዳ። በመፈተሻ ሰሌዳው በየጉድጓዱ 10 እጭ፣ ሦስት ድግግሞሽ። ክደነው፣ ከተነነ ጨዋማነቱ ይንራል። ዲኤምኤስኦ (ኤክስትራክቱን የምታሟሟበት ፈሳሽ) ከ1 በመቶ አይለፍ፣ ለሱም የራሱ ኮንትሮል ይኑረው። ኮንትሮልህ ከ10 በመቶ በላይ ከሞተ የዚያን ቀን ሥራ ጣለው።

ዋናው ደግሞ ፖታሲየም ዳይክሮሜት ነው፣ መርዝነቱ የታወቀ ማመሳከሪያ ኬሚካል። በየዙሩ አብረህ ፈትሽ፣ ኤልሲ50ውን መዝግብ። አዲስ ቆርቆሮ ስትከፍት ቁጥሩ ከለመድከው ከሸሸ እንቁላሉን ጠርጥር። ጓንት እንዳትረሳ፣ ካንሰር አምጪ ነው።

ጨው_በል፦
እኔ ዳይክሮሜት አልነበረኝም።

ቢከር፦
ይኸው ተገኘ።

የዓሣ_እናት፦
ለሻጬ ምንም ኬሚካል አያስፈልግም። እንቁላሉ ራሱ ይናገራል።

ፒፔት_ያዥ፦
ሌንስ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዳይክሮሜቱን ከመጋዘን አስወጣሁ። አንድ ጥያቄ፣ ቢነካካም የማይንቀሳቀስ እጭ ስንት ሰከንድ ጠብቄ ነው ሞተ የምለው?

ሌንስ፦
10። መመሪያህ ላይ ጻፈው፣ ረዳትህም እንዳንተ ይቁጠር።

ጨው_በል፦
ቆይ፣ የቱን ገዛህ ግን?

የዓሣ_እናት፦
የሻጬን ስልክ በውስጥ መስመር ልኬለታለሁ።