የአባቴን 412 ካሴቶች በምን ቅደም ተከተል ላስቀምጣቸው?

የሹፌሩ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ከባድ መኪና እየነዳ ነው ያሳደገን። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ አሰብ ይገባል። በ1990 መንገዱ እስኪዘጋ ድረስ ሥራው ይኸው ነበር። ካሴት ይወድ ነበር ብል ያንስበታል። ያደረበት ከተማ ካሴት ሳይገዛለት አያልፍም። አምና ካረፈ በኋላ ስንቆጥር 412 ካሴትና 37 ሸክላ አገኘን።

ሁሉም ያለው እናቴ ቤት፣ አልጋ ሥር በካርቶን ነው። ዘንድሮ ክረምት አንዱ ካርቶን ከታች ረጥቦ አገኘሁት። 11 ካሴት ላይ ነጭ ሻጋታ ወጥቷል። በጣም ደነገጥኩ። ስለዚህ ወደ ኮምፒውተር ልገለብጣቸው ወስኛለሁ።

የጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። አባቴ ካሴቶቹን በዘፋኝ አልደረደራቸውም። በጉዞ ነው። ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ «ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 74» ብሎ ይጽፋል። ውስጡ ጥላሁንም አለ፣ የሱዳኑ መሐመድ ወርዲም አለ፣ የወሎ ዘፈንም፣ መንዙማም አለ። ወንድሜ «በዘፋኝ ስም እንደርድረውና እንገላገል» ይላል። ልክ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ካርቶኑን ልበትነው ስል እጄ እምቢ ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መላኩ ከአዳማ፦

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። አብዛኛው ዘፈን እኮ ዩቲዩብ ላይ አለ። ለምን ትደክሚያለሽ? የሌለውን ብቻ ለይተሽ ቅጂ።

የድሮ ካሴት ቀጂ፦

ልጄ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። እኔ በሰባዎቹ መጨረሻ ሙዚቃ ቤት ተቀጥሬ ካሴት እቀዳ ነበር። እንዳንቺ አባት ያሉ ሾፌሮች ዋና ደንበኞቻችን ነበሩ። «ለመንገድ የሚሆን ቅዳልኝ» ይሉና ከአምስት ዘፋኝ የተቀላቀለ ይዘው ይሄዳሉ። እንዲህ ያለው ካሴት ሌላ ቦታ አይገኝም። የመረጠው ሰውየው ራሱ ነውና። ዩቲዩብ ላይ ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ታገኛለሽ፣ ያንን ካሴት ግን አታገኚም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትንኪው። መጀመሪያ እያንዳንዱን ካርቶን ከፍተሽ፣ ምንም ሳታነሺ ፎቶ አንሺ። ከዚያ ከ001 እስከ 412 ቁጥር ስጪ። ቁጥሩን ካሴቱም ላይ፣ የሚቀመጥበት የፕላስቲክ ቤቱም ላይ ለጥፊ። ካሴትና ቤት መለዋወጥ የተለመደ ነው፣ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ቁጥር ከያዘ በኋላ ወንድምሽ በፈለገው መንገድ ኮምፒውተር ላይ ይደርድረው። መደርደሪያው ላይ ግን አባትሽ እንዳስቀመጠው ይቆይ።

ሻጋታ ያለባቸውን 11 አሁን ቴፕ ውስጥ እንዳታስገቢ። ሻጋታው ሄዱ ላይ (ክሩን እየነካ ድምፁን የሚያነበው የቴፑ ክፍል ላይ) ይቀርና ቀጥሎ ወደምታጫውቺው ካሴት ይተላለፋል። ለብቻ አውጥተሽ አየር በሚያገኝ ደረቅ ቦታ አስቀምጪያቸው። ፀሐይ ላይ አታስጪ፣ ፕላስቲኩ ይጣመማል። የመጨረሻ ሥራሽ እነሱ ይሁኑ።

ለደህናዎቹ ጥሩ ዴክ (ካሴት ማጫወቻ) ፈልጊ። ትንንሾቹ ርካሽ መገልበጫዎች ፍጥነታቸው ይዋዥቃል፣ ድምፁን ያወላግዱታል። ሄዱንና ክሩን የሚጎትተውን ጎማ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረጊ፣ እስኪደርቅም ጠብቂ። ካሴቱ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ጥርሶች ስበሪ፤ ከተሰበሩ በስህተት ላዩ ላይ መቅዳት አይቻልም። ከማጫወትሽ በፊት አንዴ እስከ መጨረሻው አጠንጥነሽ መልሺው። ለዓመታት አንድ ቦታ ተጠቅልሎ የተኛ ክር እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ እንዲህ ሲደረግ ይላቀቃል። ክሩን ከኋላ የሚደግፈው ትንሽ ስፖንጅ ወድቆ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል። ያኔ ካሴቱን ፈትተሽ ክሩን ወደ ሌላ ቅርፊት አዛውሪ። አምስት ብሎን ነው፣ አያስፈራም።

ሸክላዎቹን ደግሞ አቁሚያቸው። አንዱን በሌላው ላይ አትከምሪ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ጋሼ ከላይ የጻፉትን ሁሉ እስማማበታለሁ። እኔ ወደ 250 ካሴት ገልብጫለሁ። ያደከመኝ መቅዳቱ አይደለም፣ ስሙ ነው።

«ጥላሁን ገሠሠ» እና «ጥላሁን ገሰሰ» ብለሽ ከጻፍሽ ኮምፒውተሩ ሁለት ዘፋኝ አድርጎ ይቆጥራል። «ዓለማየሁ እሸቴ» እና «አለማየሁ እሸቴ» ከሆነማ ጭራሽ አይገናኙም። አንዱ ከ«ከ» በፊት፣ ሌላው ከ«ወ» በኋላ ይመጣል። እኔ ግማሹን ከሠራሁ በኋላ ነው የነቃሁት። እንደገና ማስተካከሉ ሦስት ሳምንት በላብኝ። አንዱን አጻጻፍ ምረጪና ግድግዳ ላይ ለጥፊው።

ዓመተ ምሕረቱም እንደዚሁ ነው። 1970 የሚል ሸክላ በፈረንጅ ሊሆን ይችላል። 1970 የሚል ካሴት ደግሞ በእኛ። በመካከላቸው ስምንት ዓመት ገደማ አለ። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብለሽ ሁልጊዜ ለይተሽ ጻፊ።

ለመቅጃ ኦዳሲቲ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ይበቃሻል። ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው በዋቭ ፋይል ስትቀጂ የአንድ ሰዓት ካሴት 600 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። 412ቱ ወደ 250 ጊጋባይት ይሆናል። ወደ ፍላክ ፋይል ብትቀይሪው ድምፁ ሳይጎድል ግማሽ ያህል ይቀንሳል። ኤምፒስሪ ለመኪና ይሁን፣ ዋናውን ግን አትጣይ። ሁለት ሃርድ ዲስክ ግዢና አንዱን ወንድምሽ ቤት አስቀምጪ። ሁለቱም እናትሽ ቤት ከሆኑ እንደ አንድ ቁጠሪያቸው።

ኤክሴል ላይ ከቁጥር፣ ከዘፋኝና ከዓመት ሌላ «ጉዞ» የሚል አምድ ጨምሪ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዳለ ገልብጪበት።

የሹፌሩ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ቅዳሜ ጀመርኩ። ጥርሶቹን ሰበርኩ፣ ቁጥር ለጠፍኩ፣ ዛሬ 038 ላይ ነኝ። በቀን ሁለት ካሴት ብቀዳ ሰባት ወር ይፈጅብኛል። ይሁን።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናቴ ኮምፒውተር አትነካም። ግን «ጉዞ» የሚለውን አምድ እያነበብኩላት ነበር። «ባቲ፣ ነሐሴ 78» ስላት ቡና መቁላቱን አቆመች። ያኔ መኪናው ተበላሽቶ ባቲ አራት ቀን እንደቆየ፣ እኔ በዚያው ሳምንት እንደተወለድኩ ነገረችኝ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ዘጠኝ ካሴት ነው። ለአንድ ጉዞ ብዙ ነው። ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም ነበር። ወንድሜም ሰምቶ ዝም አለ፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ካርቶን ራሱ አወጣው።

አሁን ከጎኑ «እናቴ ያለችው» የሚል ሌላ አምድ ጨምሬያለሁ። ማታ ማታ እየጠየቅኳት እሞላዋለሁ። ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ 022 ላይ ክሩ መሃል ላይ ተበጥሷል፣ ድሮ በኩቴክስ የተቀጠለ ይመስላል። እንዳለ ላጫውተው ወይስ ቆርጬ በአዲስ መቀጠያ ልቀጥለው?

የድሮ ካሴት ቀጂ፦

እንዳለ አታጫውቺው፣ የደረቀው ኩቴክስ ሄዱን ይቧጥጣል። የካሴት መቀጠያ ፕላስተር ፈልጊ፣ የቢሮ ስኮች አይሆንም፣ ሙጫው ይወጣል። ኩቴክሱ ያለበትን ብቻ በሰያፍ ቁረጪና ከጀርባው በኩል ለጥፊው። የቆረጥሽውንም ቁራጭ አትጣይ፣ በፖስታ አድርገሽ 022 ብለሽ ጻፊበት።