በባሕር ዳር ለሚታሰበው የሀገር በቀል ዕፅዋት ማዕከል የትኞቹን ዛፎች እናስቀድም?

የጣና ዳር ነዋሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። በባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳርቻ ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ ለሕዝብ ክፍት የሚሆን አነስተኛ የሀገር በቀል ዕፅዋት ማዕከል ለማቋቋም ከሰፈራችን ሰዎች ጋር እየመከርን ነው። ጃካራንዳው ከደቡብ አሜሪካ፣ ባሕር ዛፉም ከአውስትራሊያ የመጡ ሆነው ሳለ ልጆቻችን እነርሱን ለይተው ያውቃሉ፤ ዶቅማንና እንኮይን ግን ቢያዩአቸውም አይለዩአቸውም። እኔ ኮሶ፣ ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ዋንዛ ብዬ ዝርዝር ጀምሬአለሁ። ዝርዝሩን እንድታርሙልኝ፣ ዘሩንም ከየት ብናገኝ እንደሚሻል እንድትነግሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ችግኝ አፍይ፦
ሐሳብዎን እደግፋለሁ፤ ከዝርዝሩ ግን ኮሶን ያውጡት። ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው፤ ጣና ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ተክለው ቢንከባከቡትም አይመቸውም። አዲስ አበባ ያለው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር ይዞ በደጋ ላይ ያረፈ ስለሆነ የእርሱን ዝርዝር እንዳለ መገልበጥ ለእኛ አይሆንም። በኮሶ ፈንታ ዶቅማን፣ ሰሳንና ብርብራን ያስገቡ። ብርብራ የኢትዮጵያ ብቻ ዛፍ ነው፤ ዓሣ አጥማጆች ፍሬውን ወቅጠው ዓሣ ለማደንዘዝ ይጠቀሙበት እንደነበር ለጎብኚ ቢነገር ዛፉ አይረሳም። ረግረጉን ደግሞ ታንኳ ለሚሠራበት ደንገል ይተዉለት።

ዘርን በተመለከተ፣ ዶቅማ ማስቀመጥን አይወድም። ፍሬው በስሎ ጠቁሮ ሲወድቅ ሥጋውን አጥበው፣ ዘሩ ሳይደርቅ በዚያው ሰሞን መዝራት አለብዎ። እኔ በአንድ ወቅት በጨርቅ ቋጥሬ ከወር በላይ አቆይቼው አንድም ፍሬ አልበቀለልኝም፤ ያ ሁሉ ለቀማ በከንቱ መቅረቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የወይራ ዘር በአንጻሩ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ፣ ውስጡን ሳይጎዱ በጥንቃቄ ቢሰብሩለት ቶሎ ይበቅላል።

የዘጌ ተወላጅ፦
ዘሩን ከሩቅ አታምጡት። ዘጌ በአባቶች ሥርዓት በሬ ጠምዶ ማረስ የተከለከለበት ምድር በመሆኑ፣ ቡናው እስከ ዛሬ በትልልቅ ሀገር በቀል ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ በሐይቁ ዙሪያ ያሉ የገዳማትና የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችም እንዲሁ ናቸው። አለቃውን ወይም አበምኔቱን አስፈቅዳችሁ፣ ከአንድ ዛፍ ብቻ ሳይሆን ከብዙ ዛፎች ጥቂት ጥቂት ልቀሙ። ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ መዝገብ እንድትይዙ ነው፦ ዘሩ ከየትኛው ደን፣ በየትኛው ቀን፣ በማን እንደተለቀመ ካልተጻፈ፣ ቦታው መናፈሻ እንጂ የዕፅዋት ማዕከል ሊባል አይችልም። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበ ስለሆነም፣ ዳርቻው ላይ ከመቆፈራችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ።

የጣና ዳር ነዋሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኮሶን ሰርዣለሁ፤ የመጀመሪያውን መዝገብ በዶቅማ እንጀምራለን። ወደ ዘጌ ስንሻገር ዛፎቹን በአካባቢው ስማቸው የሚያሳየን አዋቂ አረጋዊ ቢገኝ፣ ስሙን ከእርሳቸው አንደበት ሰምተን በየዛፉ ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን።