ካሚኖን በ32 ቀን ለመጨረስ ያወጣሁት ዕቅድ ያስኬዳል?

ምርኩዝ፦
ጤና ይስጥልኝ። 61 ዓመቴ ነው፤ በቅርቡ ከመምህርነት ጡረታ ወጥቻለሁ። በመስከረም ከፈረንሳይዋ ሴን ዣን ፒዬ ደ ፖር ተነሥቼ፣ ካሚኖ በሚባለው የተሳላሚዎች መንገድ ሰሜን ስፔንን አቋርጬ፣ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ድረስ በእግሬ ለመሄድ አስቤያለሁ። መንገዱ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው። ለ32 ባካፍለው በቀን ከ24 ትንሽ ከፍ ይላል። የየማደሪያውን ስም፣ የምነሣበትንና የምደርስበትን ሰዓት በሠንጠረዥ አስፍሬያለሁ፤ የመምህር አመል አይለቅም። አልጋዎቹን ሁሉ አስቀድሜ ልይዝ ስል ልጄ «መጀመሪያ የሄዱበትን ጠይቅ» አለችኝ። ቦርሳዬ 11 ኪሎ፣ እኔ 68 ኪሎ ነኝ። ከቦርሳው ምን ልቀንስ?

ቀስ ባይ፦
አባቴ፣ ከቦርሳው በፊት ሠንጠረዡን ይቀንሱ። እኔም ከቤቴ ሳልወጣ የ33 ሌሊት አልጋ ይዤ ነበር። የመጀመሪያው ቀን የፒሬኔን ተራሮች ተሻግሮ ሮንሴስቫዬስ ለመድረስ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ1,200 ሜትር በላይ ሽቅብ ያስወጣል። በሠንጠረዥ ላይ ግን ይህ ቀንና የሜዳው ቀን እኩል ናቸው። ዳገቱስ ትንፋሽ ቢያሳጥር ነው፤ እግር የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው። በማግስቱ ወደ ሱቢሪ በሚያወርደው ድንጋያማ መንገድ ጣቶቼ ከጫማው አፍንጫ ጋር ሲጋጩ ዋሉ፤ ማታ አውራ ጣቴ ውሃ ቋጥሮ አገኘሁት።

ማረፍ ነበረብኝ። አላረፍኩም፤ ፓምፕሎና አልጋ ይዣለሁና! ፑዌንቴ ላ ሬይናም፣ ኤስቴያም ተከፍሎልኛል። አንድ ቀን ብዘገይ የቀሩት ሁሉ ሊፋለሱ ነው። እያነከስኩ ስሄድ ጤነኛው ጉልበቴ አበጠ። ሎግሮኞ ላይ የመድኃኒት ቤቷ ሴት እግሬን አይታ ራሷን ነቀነቀች፤ አራት ቀን ተኛሁ። የከፈልኩባቸው አልጋዎች ባዷቸውን አደሩ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ብቻ ይያዙ። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ እግርዎን ጠይቀው ለነገ መደወል ይበቃል። ብዙዎቹ የማዘጋጃ ቤት አልቤርጌዎች (የተሳላሚ ማደሪያዎች) ቀድመው አልጋ አያስይዙም፤ ቀድሞ የደረሰ ይተኛል፤ ጤነኛ ሰውም በአብዛኛው ከአንድ ሌሊት በላይ አያሳድሩም። ስለዚህ ለዕረፍት ቀን የግል ማደሪያ የሚከፍሉበት ገንዘብ ይያዙ። የመመለሻ ቲኬትዎንም ከ38ኛው ቀን በኋላ ያድርጉት።

ምርኩዝ፦
38! ልጄ ደግሞ ወደ መንገዱ መጨረሻ ካለችው ከሳሪያ ጀምር ትለኛለች።

ቢጫ ቀስት፦
ጋሼ፣ ልጅዎ አልተሳሳተችም። ኮምፖስቴላ የሚባለውን የምስክር ወረቀት ለማግኘት የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር በእግር መሄድና የተሳላሚ ደብተርዎን በየመንገዱ ማኅተም ማስመታት ይበቃል፤ ሳሪያ ደግሞ ከሳንቲያጎ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዳሩ ግን በዚሁ ምክንያት ሰው የሚበዛው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ ከቀስ ባይ ጋር እዚህ ላይ አልስማማም፤ ከሳሪያ በኋላ ያለውን አልጋ ጥቂት ቀናት ቀድመው ይያዙ።

ስለ ቦርሳው፦ ተጓዦች የሚሉት የሰውነትን ክብደት አንድ አሥረኛ ነው። ሁለት ልብስ ይበቃል፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለበሳል። ጂንስ ከራሰ ቶሎ አይደርቅምና ይቅር። ቆጥበው የማይተዉት ውሃ ነው፤ ከካሪዮን ደ ሎስ ኮንዴስ በኋላ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ምንም መንደር የለም። ጫማ ሲገዙ ከሰዓት በኋላ፣ እግርዎ አበጥ ሲል ይለኩት፤ ከለመዱት ግማሽ ቁጥር ከፍ ይበል።

ምርኩዝ፦
ሠንጠረዡን ቀደድኩት። ዋሸሁ፤ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሁለት ሱሪ፣ ፎጣውንና መዝገበ ቃላቱን አወጣሁ፤ ቦርሳው 7 ኪሎ ከ200 ግራም ሆነ። ካላችሁኝ በ400 ግራም ይበልጣል፤ እሱም ቴርሞሴ ነው። እሱን አልተውም።