የስኳር ህመም የጎዳው ኩላሊት ውስጥ ማክሮፋጅ ካለ፣ ስቴሮይድ ለምን አይሰጥም?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ስኳር የጎዳው ኩላሊት ባዮፕሲ (ለምርመራ የተወሰደ ናሙና) ሲታይ፣ ከግሎሜሩለሱ (ደም የሚያጣራው የትንንሽ ደም ሥሮች ጥቅል) መጠንከር ሌላ በቱቡሎቹ (የተጣራው ፈሳሽ በሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች) መካከል ማክሮፋጅና ቲ ሴል የተባሉ ነጭ የደም ህዋሳት ተሰግስገው ይገኛሉ። በሽታ ተከላካይ ህዋሳት እዚህ ድረስ ከገቡ፣ እንደ ሉፐስ (የመከላከያ ሥርዓቱ የራስን አካል የሚያጠቃበት በሽታ) ፕሬድኒሶሎን በተባለው ስቴሮይድ የማይታከመው ለምንድን ነው? ወይስ ከጉዳቱ በኋላ የመጡ ናቸው?

መልስ 1
የመጡት ከጉዳቱ በኋላ ነው፤ ከመጡ ግን ጉዳቱን ያባብሱታል። ዋናው ነገር ማን ጠራቸው የሚለው ነው። በሉፐስ አንቲቦዲዎች ኩላሊቱ ላይ ያርፋሉ፤ ጥፋቱ የሚጀምረው ከመከላከያ ሥርዓቱ ነው። በስኳር ግን የሚጠራቸው ኩላሊቱ ራሱ ነው።

የቱቡሉ ህዋስ ከሚያልፈው ሽንት ግሉኮስና አልቡሚን እየሳበ ሲጨናነቅ ኤምሲፒ-1 የተባለ የጥሪ ፕሮቲን ይለቃል። ሲሲአር2 የተባለው ተቀባይ ያላቸው ሞኖሳይቶች (ወደ ማክሮፋጅ የሚለወጡ የደም ህዋሳት) ጥሪውን ተከትለው ከደም ሥር ይወጣሉ፤ በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ የበዛው አይካም-1 የተባለ ፕሮቲን እንዲጣበቁና እንዲያልፉ ይረዳቸዋል። ገብተው ማክሮፋጅ ሲሆኑ ቲኤንኤፍ አልፋና አይኤል-1 ቤታ የተባሉ እብጠት ቀስቃሽ ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ። ኤምሲፒ-1 እንዳይሠሩ ተደርገው የተዳቀሉ አይጦች ስኳር ሲይዛቸው ኩላሊታቸው ውስጥ የሚከማቸው ማክሮፋጅም ጉዳቱም ያነሰ ነው።

ማክሮፋጆች እብጠት ቀስቃሽ (ኤም1) እና «ጠጋኝ» (ኤም2) ተብለው ይከፈላሉ፤ ብዙ ሰው የሚስተው ኤም2 ላይ ነው። ቁስል አንዴ ደርሶ ቢያልፍ ጥገናው ይጠቅማል። ስኳሩ በየቀኑ እየጎዳ ከቀጠለ ግን ጥገናውም አያቆምም፤ ጠባሳ የሚያስሠራው ቲጂኤፍ ቤታ ሳያቋርጥ ይወጣል፣ ኮላጅን ይከማቻል፣ በቱቡሎቹ መካከል ያለው ቦታ ጠባሳ ይሆናል። ስለዚህ ኤም1 ክፉ፣ ኤም2 ደግ ብሎ መደምደም ያሳስታል።

መልስ 2
ስቴሮይዱን በተመለከተ፦ ፕሬድኒሶሎን ጠዋት ሲወሰድ ስኳሩን ከፍ የሚያደርገው በተለይ ከሰዓት በኋላና ማታ ነው። በባዶ ሆድ ብቻ የሚለካ ሰው ደህና ነኝ ብሎ ይዘናጋል። በዚያ ላይ መከላከያን ስለሚያዳክም ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ጥሪውን የሚያስነሳውን ስኳር እየጨመሩ የተጠሩትን ለመበተን መሞከር ነው።

አንዱን የእብጠት መንገድ ነጥሎ መምታትም እስካሁን ቀላል አልሆነም። አይኤል-1 ቤታን የሚያግደው መድኃኒት ካናኪኑማብ ለኩላሊቱ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላሳየም። እብጠትን ይቀንሳል የተባለው መድኃኒት ባርዶክሶሎን ደግሞ በታካሚዎቹ ላይ በታየ የልብ ድካም ምክንያት ሙከራው በ2012 እ.ኤ.አ. ተቋረጠ።

የሚሠራው ጥሪውን ማብረድ ነው፦ ኤሲኢ አጋጅ ወይም ኤአርቢ (ኩላሊትንም የሚጠብቁ የደም ግፊት መድኃኒቶች)፣ ኤስጂኤልቲ2 አጋጅ (ስኳር በሽንት እንዲወጣ የሚያደርግ መድኃኒት)፣ ዓይነት 2 ስኳር ላለበትና አልቡሚን ለሚያፈስ ደግሞ ፊኔረኖን። ፊኔረኖን የሚያግደው ተቀባይ (የአልዶስተሮን ሆርሞን ተቀባይ) ማክሮፋጁም ላይ ስላለ ለጥያቄህ ቅርብ ነው። የኩላሊቱ የማጣሪያ መጠን (ኢጂኤፍአር) ከ25 እስከ 60 በታች ከሆነ በ10 ሚሊግራም፣ 60ና ከዚያ በላይ ከሆነ በ20 ሚሊግራም ይጀመራል። በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከ5.0 ሚሊሞል በሊትር በላይ ከሆነ አይጀመርም። በ4 ሳምንት እንደገና ይለካል፤ ከ5.5 ካለፈ ይቆማል፣ 5.0ና ከዚያ በታች ሲመለስ በ10 ይቀጠላል።

መልስ 3
አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ባዮፕሲው ላይ ህዋሳቱ ጠባሳ ባለበት ቦታ ብቻ ካሉ ከስኳሩ ጋር ይሄዳል። ጠባሳ የሌለበትን ቦታ ከሞሉት፣ በተለይ ኢኦሲኖፊል (በአለርጂ ጊዜ የሚበዛ ነጭ የደም ህዋስ) ከበዛ፣ «ስኳር ነው» ብላችሁ አትለፉ፤ መድኃኒት ያመጣው ኢንተርስቲሻል ኔፍራይቲስ (በቱቡሎቹ መካከል ያለው ቦታ እብጠት) ሊሆን ይችላል። ታካሚው ኦሜፕራዞል (የጨጓራ መድኃኒት) ወይም አንቲባዮቲክ ወስዶ እንደሆነ ጠይቁ። እንዲህ ሲሆን አጥፊውን መድኃኒት ማቆም ይቀድማል፤ ስቴሮይድም ቦታ ሊኖረው የሚችለው እዚህ ነው።

ማክሮፋጅን ለማሳየት ናሙናው የሚቀባው ሲዲ68 ቀለም ብቻውን ኤም1ን ከኤም2 አይለይም፤ ኤም2ን የሚያሳየውን ሲዲ163 አብራችሁ አስቀቡ።