መድኃኒቱ ተሳካ፣ ኪሳራው ለምን ጨመረ?

የማርቆስ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ የመድኃኒት አከፋፋይ ቤት ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ማታ ለኤሲሲኤ (ለዓለም አቀፉ የሒሳብ ባለሙያነት) ፈተና አነባለሁ። ትናንት የአንድ አውሮፓዊ መድኃኒት አምራች ዓመታዊ ሪፖርት ይዤ አመሸሁ። የሙከራው ውጤት አሪፍ ነው ይላል። አክሲዮኑም ዋጋው ወጥቷል። ኪሳራው ግን ከአምናው ብሷል። ምክንያቱ «የዋራንትና የኧርንአውት ፌር ቫልዩ (የወቅቱ ዋጋ ግምት) ለውጥ» ነው ተብሏል። ከካዝና የወጣ ገንዘብ ደግሞ የለም። ደስ የሚል ዜና እንዴት ኪሳራ ይሆናል?

ኦዲተሩ ከቡሬ፦
ወንድሜ፣ እኔንም ግራ ያጋባኝ ነበር። ያስተማረችኝ ላም ናት።

አምና ደንበጫ ሄጄ አንዲት የተዳቀለች እርጉዝ ጊደር ገዛሁ። ሻጩ ከዋጋው ንቅንቅ አልል አለ። «እሺ፣ በወለደች በሦስት ወር ውስጥ በቀን 10 ሊትር ከታለበች 10 ሺህ ብር እጨምርልሃለሁ» አልኩት። ኧርንአውት ማለት ይኸው ነው። መድኃኒት አምራቾችም ሌላ ኩባንያ ሲገዙ «መድኃኒቱ ፈቃድ ካገኘ ይህን ያህል እንጨምራለን» ይላሉ። በአይኤፍአርኤስ 3 (ኩባንያ ሲገዛ በሚሠራበት ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃ) ይህ ቃል ከግዢው ቀን ጀምሮ በግምት ይመዘገባል፤ በገንዘብ የሚከፈል ከሆነ ዕዳ ነው።

ልማድ ሆኖብኝ እኔም ደብተር ላይ አሰፈርኩት። ግማሽ በግማሽ ገምቼ 5 ሺህ ዕዳ ያዝኩ። ወለደች። በሁለተኛው ሳምንት 9 ሊትር! ግምቴ 80 በመቶ ደረሰ፣ ዕዳዬም 8 ሺህ ሆነ። 3 ሺዋ ኪሳራ ናት። ላሚቱ ጎበዝ በመሆኗ ከሰርኩ ማለት ነው። ከኪሴ ግን ሰባራ ሳንቲም አልወጣም። (የጊዜውን ዋጋ ትቼዋለሁ። በእውነተኛው ሥራ የክፍያው ቀን በቀረበ ቁጥር ዕዳው በራሱም ያድጋል።)

ዋራንቱስ? ጎረቤቴ 1 ሺህ ብር ሰጥቶኝ «ጥጃዋን ለከርሞ በ20 ሺህ የመግዛት መብት ይኑረኝ» አለኝ እንበል። የጥጃ ዋጋ 30 ሺህ ቢገባ የሰጠሁት መብት ቢያንስ 10 ሺህ ያወጣል። ዋራንትም የኩባንያውን አክሲዮን በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት መብት ነው፤ አክሲዮኑ ሲወጣ መብቱም ይወደዳል፣ ዕዳ ሆኖ ከተያዘ ጭማሪው ኪሳራ ነው።

ባሕር ዳር ነኝ፦
ጋሼ ጨርሰውታል፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ዋራንት ሁሉ ዕዳ አይደለም። በአይኤኤስ 32 (ዕዳና ካፒታልን በሚለየው የሒሳብ ደረጃ) ቁርጥ ያለ የአክሲዮን ቁጥር በቁርጥ ያለ ገንዘብ የሚለወጥ ከሆነ ካፒታል ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ እንደገና አይተመንም። ያንተ ኩባንያ ሒሳቡን በዩሮ እየያዘ የዋራንቱን ዋጋ በዶላር ቆርጦ ይሆናል። ምንዛሪው ስለሚዋዥቅ ያ ዋጋ ቁርጥ አይባልም፣ ዕዳ ይሆናል። የሪፖርቱን ማስታወሻዎች እያቸው።

ደግሞ «ብር አልወጣም» ብለህ አትናቀው። አንዳንድ ኩባንያ «የተስተካከለ ትርፍ» ሲያሰላ ሁለቱንም ጠርጎ ያወጣቸዋል። የዋራንቱስ ይሁን፤ ባለመብቱ ሲገዛ እንዲያውም ገንዘብ ያስገባል፣ የሚሳሳው የነባሩ ባለአክሲዮን ድርሻ ነው። ኧርንአውቱ ግን ሁኔታው ከተሟላ ጥሬ ብር ሆኖ ይወጣል። እኔ አልቀንሰውም።

የማርቆስ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ማስታወሻው ውስጥ አገኘሁት፣ በዶላር ነው። ጋሼ፣ ላሚቱስ 10 ሞላች?

ኦዲተሩ ከቡሬ፦
የት አባቷ! 9 ላይ ቆመች። ሦስት ወሩ አለፈ፣ የ8 ሺህ ዕዳዬ ተሰረዘ። በመዝገብ 8 ሺህ ትርፍ። ባለቤቴ «እንግዲህ ትርፉን ጠጣው» ብላኛለች።