«ቤተ ክርስቲያን ጋብቻውን አፈረሰች» ይባላል?

ቃል ፈላጊ፦
ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። አሜሪካ የሚኖሩ ካቶሊክ ባልና ሚስት በፍርድ ቤት ተፋትተዋል። ከዚያ ባልየው ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ችሎት ሄዶ ሌላ ውሳኔ አገኘ። እኔ «ቤተ ክርስቲያን ጋብቻውን አፈረሰች» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ «ሰረዘች» ይሻላል አለችኝ። ግን ካቶሊክ ፍቺ የለውም ሲባል ነው የምሰማው። ታዲያ ይሄ ምን ይባላል?

ሰዋስው፦
ወንድሜ፣ ሁለቱንም ተዋቸው። «አፈረሰች» ካልክ ቆሞ የነበረ ጋብቻ ነበር ማለትህ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ ስለሚፈርስባቸው ምክንያቶች ሲናገር ሞትንም ፍቺንም አብሮ ያነሳል፤ ጋብቻው በሕግ ፊት ነበረ፣ አሁን አበቃ ነው ነገሩ። የካቶሊክ ችሎት የሚለው ግን ሌላ ነው። ሠርግ ተደግሷል፣ ቀለበት ታስሯል፣ ዓመታት አብረው ኖረዋል፤ ይሄ ሁሉ ሆኖም ጋብቻው ከመጀመሪያው አልጸናም ይላል። ስለዚህ «ጋብቻው ያልጸና እንደነበር ወሰነች» በል። ይረዝማል፣ ግን ነገሩ ይሄ ነው። «ሰረዘች» ደግሞ ቤተ ክርስቲያኗ በእጇ ያለ መዝገብ ላይ መስመር የጣለች ያስመስላል።

ቃል ፈላጊ፦
ያልጸናው በምን ምክንያት ነው ታዲያ? ካህን አጋብቷቸው የለም እንዴ?

ሰዋስው፦
ዋናው ፈቃድ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. በወጣው የላቲን ሥርዓት ካቶሊኮች የቤተ ክርስቲያን ሕግ፣ ቀኖና ቁጥር 1057 ጋብቻን የሚያቆመው የሁለቱ ሰዎች ፈቃድ ነው ይላል፤ ያንን ፈቃድ ሌላ ማንም ሰው ሊተካላቸው አይችልም። ስለዚህ አንዷ ተገድዳ ወይም በብርቱ ፍርሃት «እሺ» ብላ ከሆነ፣ ወይም አንዱ በአፉ ቃል እየገባ በልቡ ልጅ አልወልድም፣ ለአንድ ሰው ታማኝ ሆኜ አልኖርም ብሎ ቆርጦ ከነበረ፣ ፈቃዱ ጎድሏል። ችሎቱ የሚመረምረው ያንን የቃል ኪዳን ቀን ነው እንጂ በኋላ የመጣውን ጠብ አይደለም። ጠቡ ቢነሳም ያን ቀን ምን እንደነበረ ለማሳየት ነው። ደግሞ ጥርጣሬ ካለ ጋብቻው እንደጸና ይቆጠራል፤ አልጸናም ባዩ ነው ማስረዳት ያለበት። ልጆቹም በዚህ ውሳኔ ዲቃላ አይባሉም፣ ይሄን ብዙ ሰው ስለሚሳሳተው በትርጉምህ ውስጥ ብትጠቅሰው ደስ ይለኛል።

የእምድብር ልጅ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ሰዋስው የጠቀስከው የላቲኑን ነው። እኛ በግእዝ ሥርዓት የምንሄድ ካቶሊኮች የምሥራቃውያን ቀኖና ነው ያለን፣ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው። በላቲኑ ትምህርት ምሥጢሩን የሚፈጽሙት ሙሽሮቹ ራሳቸው ናቸው፣ ካህኑ በቤተ ክርስቲያን ስም ይቀበላቸዋል። በኛ ግን ፈቃዳቸው ላይ የካህን ቡራኬ ካልተጨመረ አይጸናም፣ ዲያቆን እንኳ አይበቃም። ምሥጢረ ተክሊል የምንለው ለዚህ ነው። እና «ተክሊል» እና «ጋብቻ» ሁልጊዜ አንድ አድርጋችሁ አትጻፉ። ተክሊል ሥርዓቱ ነው፣ ጋብቻ ደግሞ በዚያ ሥርዓት የሚታሰረው ማሰሪያ።

ጠበቃዋ፦
በጣም ጥሩ። ከሕግ በኩል ልናገር። ሕጋችን ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ሊፈጸም እንደሚችል ይቀበላል፣ በየትኛውም ቢፈጸም ውጤቱ እኩል ነው። ሰዎች «በሰማንያ ተጋቡ»፣ «ሰማንያቸውን ቀደዱ» ሲሉ የሚያወሩት ስለ ውሉ ነው። ፍቺውን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። የቤተ ክህነት ወረቀት ይዞ መጥቶ «ተፋትቻለሁ፣ ንብረት አካፍሉኝ» ማለት አይቻልም። የፍርድ ቤት ወረቀት ይዞ ሄዶ «አጋቡኝ» ማለትም በካቶሊክ ዘንድ አይሠራም። ቃል ፈላጊ ባመጣኸው ታሪክ ሁለት ውሳኔ ያለው ለዚህ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ችሎት ፋይሉን የሚያየው የመንግሥቱ ፍቺ ካለቀ በኋላ ነው።

እኔ ግን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የካቶሊክ ጳጳሳት «መንግሥት የጋብቻን ትርጉም መለወጥ አይችልም» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ሕግ አውጪ እኮ የፈለገውን ቃል መተርጎም ይችላል።

ሰዋስው፦
እዚህ ጋ ነው ልባችንን መስጠት ያለብን። በቤተ ክርስቲያኗ ትምህርት ጋብቻ መንግሥት የፈጠረው ነገር አይደለም። ከመንግሥት በፊት የነበረ ነው፣ ሕግ ያገኘዋል፣ ይመዘግበዋል፣ ይጠብቀዋል። ቀኖና 1055 አንድ ወንድና አንዲት ሴት ለዕድሜ ልክ ኑሮ የሚቆራኙበት ቃል ኪዳን ይለዋል። አየርላንድን ውሰጂ። በ1937 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷ ፍቺ ተከልክሎ ነበር። በ1995 ሕዝቡ በጠባብ ልዩነት ክልከላውን አነሳ። በግንቦት 2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጋብቻ በጾታ ሳይለይ በሁለት ሰዎች መካከል ሊፈጸም ይችላል የሚል አንቀጽ 62 በመቶ በሚሆን ድምፅ ገባ። የአገሩ ካቶሊክ ጳጳሳት ከድምፁ በፊት፣ ትርጉሙ ከተለወጠ ካህናት የመንግሥቱን የጋብቻ ሰነድ መፈረም ሊተዉ ይችላሉ ብለው ነበር። ያ ንግግር የሚገባሽ መንግሥት «ጋብቻ» የሚለውንና ቤተ ክርስቲያን «ጋብቻ» የምትለውን ከለየሽ ብቻ ነው፤ እነሱ የፈሩት አንድ ፊርማ ሁለት የተለያየ ነገር እንዲመሰክር ነው። እኔ ካቶሊክ ነኝ፣ ትምህርቱንም እቀበላለሁ። ግን ሕጉን ስንተረጉም «ጋብቻ» የሚለውን ቃል ለሕጉ መንፈግ የለብንም፤ «በመንግሥት ሕግ ጋብቻ» እና «በቤተ ክርስቲያን የጸና ጋብቻ» ብለን እንለይ።

ሌላው፣ «ካቶሊኮች እንዲህ ይላሉ» አትበሉ። በዚያው 2015 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ የፈቀደውን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ኬኔዲ ካቶሊክ ናቸው፣ የተቃወሙት አራቱም ካቶሊኮች ነበሩ። «የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት» ብትሉ ትክክል ነው።

የእምድብር ልጅ፦
በዚህ እስማማለሁ። አንዲት እርማት ብቻ፦ «ቤተ ክርስቲያን ፈታች» ፈጽሞ አይባልም እንዳትሉ። ሁለት የተጠመቁ ሰዎች ተጋብተው፣ ጋብቻው ጸንቶ፣ ግን በሩካቤ ካልተፈጸመ፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ (የሮሙ ፖፕ) በበቂ ምክንያት ሊፈቱት ይችላሉ። ያ ጋብቻ ነበረ፣ ተፈታ። እዚያ ላይ «ያልጸና ነበር» ብትሉ ስህተቱ የናንተ ነው።