የተከራየች ልጅ ስልክ ይፈተሽ?

የዛሬው ክርክር፦ የገጠር ልጅ 9ኛ ክፍል ስትደርስ ከተማ ገብታ ቤት ትከራያለች። ደምበጫም፣ ቢቸናም፣ ሞጣም ያው ነው። አባት ቅዳሜ ስንቅ ይዞ ሲመጣ ስልኳን ይፈትሽ? (ስድብ የጀመረ ይወጣል። ባለፈው ተናግሬያለሁ።)

አባት፣ ደምበጫ ዙሪያ፦ ይፈትሽ እንጂ! ልጄ 16 ዓመቷ ነው። የምታድረው ዘመድ በሌለበት ግቢ ነው። ስልኩን የገዛሁት እኔ፣ ካርድ የምሞላው እኔ። ምን የሚደበቅ አለ?

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሞጣ፦ ጋሼ፣ አባቴ አምና ስልኬን ተቀብሎ የወንድ ስም አየ። የኬሚስትሪ ጥያቄ የላከልኝ የክፍሌ ልጅ ነው። አባቴ ምንም አላለም። ስንቁን አውርዶ ሻይ እንኳን ሳይቀምስ ወጣ። መናኸሪያ ድረስ ሮጬ አልደረስኩበትም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምን ተማርኩ መሰለዎት? መልእክት ማጥፋት።

እናት፣ ፍኖተ ሰላም፦ ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው። ግን በአባትየውም አልፈርድም፤ ስንቱን እንሰማለን።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ፦ እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። 10ኛ ክፍል እያለሁ የአከራዬ ዘመድ ማታ ማታ በሬን ያንኳኳ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠረጴዛ በሩ ላይ አስደግፌ ተኛሁ። ለአባቴ አልነገርኩትም። ምን እንደሚል አውቃለኋ! «በቃ፣ ተመለሽ» ነው የሚለው። ተመለሽ ማለት ደግሞ ትምህርት ቀረ፣ ቀጥሎ ሽማግሌ መጣ ማለት ነው። ከ18 ዓመት በታች ያለችን ልጅ መዳር በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ያሳስራል። ሽማግሌ ሲላክ ግን የልጅቷ ዕድሜ ባንድ ቀን 18 ይሞላል። አንድ ቅዳሜ እናቴ መጣች። እንጀራውን ሞሰብ ውስጥ እየደረደረች፣ ፊቴን ሳታይ፣ «በሩ ይዘጋል?» አለችኝ። ያን ጊዜ ዝርግፍ አደረግኩት። ቤት ቀየርን፣ ትምህርቴም ቀጠለ። ስልኬ ቢበረበር ይሄ ይገኝ ነበር?

አባት፣ ደምበጫ ዙሪያ፦ እውነት ለመናገር በሩን አይቼው አላውቅም። ግን ፍርሃቴን የት ልጣለው?

ወጣት፣ ቡሬ፦ ጋሼ፣ ወንድ ልጅዎም ተከራይቶ ተምሯል አሉ። የእሱን ፈትሸዋል?

አባት፣ ደምበጫ ዙሪያ፦ እሱማ ወንድ ነው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሞጣ፦ ኧረ ጋሼ! ይኸው መጣ!

አባት፣ ደምበጫ ዙሪያ፦ እሺ፣ በእሱ ሌላ ቀን እንከራከራለን። ለቅዳሜ ግን ምከሩኝ። ባለፈው ስልኩን ከተቀበልኳት ወዲህ አኩርፋኛለች። ምን ብዬ ልጀምር?

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሞጣ፦ ስለ እንጀራው ይጠይቋት። ሐሙስ ላይ እንደሚሻግት ነግራዎት ታውቃለች? ድርቆሽ ቢያደርጉላት ይሻላል።

አባት፣ ደምበጫ ዙሪያ፦ ኧረ እሷ «እስከ ዓርብ ደህና ነው» ነው የምትለኝ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሞጣ፦ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለው።